ሰርሳሪና ሌባ፦ በጎጃም የመድን ሥራ ምን ዓይነት እንግሊዝኛ ይፈልጋል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ አንድ ማለዳ ደብዳቤ ይዘው ቤቴ መጡ። ከሳምንታት በፊት ሱቃቸው ተሰርቆ ነበር። ሌባው በር አልሰበረም፣ ቆርቆሮ አልገነጠለም፤ አስመስሎ ባሠራው ቁልፍ ከፍቶ፣ የሚፈልገውን ጭኖ፣ በሩን መልሶ ቆልፎ ሄዷል። እትዬ በጊዜው ብዙም አልደነገጡም፤ መድን አላቸው። አሁን የያዙት ደብዳቤ ግን የካሳ ጥያቄያቸው ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚገልጽ ነው። «መምህር፣ አማርኛውን አንብቤዋለሁ። ያስቸገረችኝ እዚህ መሐል ያለችው ናት» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ከውሉ ላይ እንዳለ የተገለበጠች አንዲት የእንግሊዝኛ ሐረግ ናት፦ ‹ፎርሲብል ኤንድ ቫዮለንት ኢንትሪ›። በኃይል ሰብሮ መግባት ማለት ነው። የእትዬ ውል የ‹በርግላሪ› መድን ነበር። በርግላሪ ደግሞ ማንኛውም ስርቆት አይደለም፤ ግድግዳ ተነድሎ፣ በር ተሰብሮ ወይም ቁልፍ ተፈልቅቆ የኃይል ምልክት መታየት አለበት።

ውሉን የሸጠላቸው ወጣት «ለሌባ ነው» ብሏቸው ነበር። ዋሽቷቸዋል ብዬ አላምንም፤ ትምህርት ቤት ‹በርግላር› ሌባ ነው ተብሎ ተምሯል። እኔም እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ቃሉን እንዲሁ ተርጉሜ አልፌዋለሁ። አማርኛ ግን ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የራሱ ቃል አለው፦ ሰርሳሪ። ቤት ሰርሳሪ የሚባለው ግድግዳ ሰርስሮ፣ አጥር ነቅሎ የሚገባው ነው። ወጣቱ «ይህ መድን ለሰርሳሪ እንጂ ለሌላ ሌባ አይደለም» ብሏቸው ቢሆን ኖሮ እትዬ በዚያው ቅጽበት «ቁልፍ አስቀርጾ የገባ እንደሆነስ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። ሠላሳ ዓመት የነገዱ ሴት ናቸው፤ ጥያቄው አይጠፋቸውም። ጥያቄውን የሚያስነሳው ቃል ነው ያልደረሳቸው።

ነገሩ ለብዙ ጊዜ ከሐሳቤ አልወጣም። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ኢንሹራንስ ድርጅት ለመቀጠር የሚዘጋጁ ወጣቶች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ገንዘብና ጊዜ ሲያወጡ አያለሁ። የሚከፍሉት በአብዛኛው ለንግግር ትምህርት ነው። ራስን ማስተዋወቅ፣ ስለ ትርፍ ጊዜ ማውራት፣ ለቃለ መጠይቅ የሚሆኑ መልሶችን ማጥናት። ቃለ መጠይቁን ለማለፍ ይረዳ ይሆናል። ሥራው ሲጀመር ግን ቅርንጫፍ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚያወራ ደንበኛ የለም። ባለ ሱቁም፣ ባለ ወፍጮውም፣ የአይሱዙ ሾፌሩም በአማርኛ ነው የሚያወራው። እንግሊዝኛው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ስለዚህ የመድን ሠራተኛ እንግሊዝኛ የማንበብና የመጻፍ እንግሊዝኛ ነው፤ የተማረው ነገር መፈተኛም ያነበበውን መልሶ ለደንበኛው በአማርኛ መናገር መቻሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቱ ለምን በእንግሊዝኛ ሆነ? የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። መድን ወደ አገራችን የገባው በውጭ ሰዎች እጅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በኋላም ሥራው እየሰፋ ሄዶ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ሲወረስ አሥራ ሦስት ኩባንያዎች ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. ዘርፉ ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ዳግም ሲከፈት አዲሶቹ ድርጅቶች ሥራ የጀመሩት ከእንግሊዝ ገበያ የመጡትን የውል ቅጾች ይዘው ነው።

ከታሪኩ ይልቅ ዛሬም ጸንቶ ያለው ምክንያት የጠለፋ መድን ነው። አንድ ኢንሹራንስ ድርጅት አንድ ትልቅ ፋብሪካ ቢቃጠል ጉዳቱን ብቻውን መሸከም አይችልም፤ ከስጋቱ ከፊሉን ለሌላ መድን ሰጪ ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ቢጀምርም፣ የቀረው ድርሻ ወደ ሌጎስ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ሎንዶንና ወደ ሙኒክ ይሄዳል። የሚቀበሉት ድርጅቶች የሚያነቡት እንግሊዝኛውን ነው። ቡሬ ላይ የተሸጠው ውል አንድ ነገር ሸፍኖ፣ ወደ ውጭ የተላለፈው ውል ሌላ ነገር ቢሸፍን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአገር ውስጡ ድርጅት ኪስ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዋና መሥሪያ ቤቶች የእንግሊዝኛውን ሐረግ መንካት የሚፈሩት በከንቱ አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ የማይታይ መጋጨት አለ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የተረቀቀው በፈረንሳይ የሕግ ሊቃውንት፣ በፈረንሳይኛ ነው፤ ከዚያ ነው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. ሲሻሻልም ከአንቀጽ 654 ጀምሮ ያለው የመድን ክፍል አልተነካም። እንግዲህ የቅርንጫፍ ሠራተኛው በአንድ እጁ ከሎንዶን የመጣ ቅጽ፣ በሌላው እጁ ከፓሪስ አስተሳሰብ የመነጨ ሕግ ይዞ፣ ከደጀን ለመጣ የጤፍ ነጋዴ በአማርኛ ማስረዳት አለበት። በሕግ ረገድ ደግሞ የመጨረሻው ቃል የአማርኛው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው አማርኛው ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ፣ ሕጉ በአማርኛ።

የመድን እንግሊዝኛ አስቸጋሪ የሚሆነው በረጃጅም ቃላቱ አይደለም። ረጅሙንና እንግዳውን ቃል ሁሉም መዝገበ ቃላት ገልጦ ይፈልገዋል። የሚያስተው፣ ሁሉም «አውቀዋለሁ» ብሎ የሚያልፈው ተራ ቃል ነው።

‹ዋራንቲ›ን እንውሰድ። ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፤ ሻጭ ለገዢ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። በመድን ውል ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዋራንቲ ገዢው፣ ማለትም መድን ገቢው፣ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ የሚገባው ግዴታ ነው፤ «ሌሊት ጥበቃ አቆማለሁ»፣ «የእሳት ማጥፊያ እንዲሠራ አድርጌ እይዛለሁ» የሚል። ደንበኛው «ውልዎ ዋራንቲ አለበት» ሲባል ደስ ሊለው ይችላል፤ ሊጠነቀቅ የሚገባው ግን ያን ጊዜ ነው። በቀድሞው የእንግሊዝ ሕግ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 በወጣው የባሕር መድን ሕግ፣ ይህን ግዴታ ያጓደለ ሰው ጉድለቱ ከአደጋው ጋር ባይገናኝ እንኳ ሽፋኑን ያጣ ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ጭካኔ በዚያው አቆጣጠር በ2015 ባወጡት ሕግ አለዝበውታል፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በታተመ መጽሐፍ የሚማር ሰው የሚያገኘው የቀድሞውን ትርጉም ነው።

‹ፕሪሚየም› ሌላው ነው። በማስታወቂያ ቋንቋ ከፍ ያለ ጥራት ማለት ሆኗል፤ በመድን ደግሞ የሚከፈለው ዋጋ ነው። እዚህ ላይ አማርኛው ጥሩ ቃል ሰጥቶናል፣ ዐረቦን። ግን ዐረቦን ጥንት መያዣ፣ ቀብድ ማለት ስለሆነ ደንበኛው «ዓመቱ በሰላም ካለፈ ገንዘቤ ይመለሳል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቀብድ ወይ ይመለሳል ወይ ይታሰባል፤ ይህ ግን አይመለስም፤ የአንድ ዓመት ስጋት ዋጋ ነው። ‹ፕሮፖዛል›ም ለዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የጥናት ንድፍ ነው፤ እዚህ ግን ደንበኛው የሚሞላው ማመልከቻ ነው፤ በውስጡ የተደበቀ ወይም የተዛባ መረጃ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ‹ኤክሰስ› ትርፍ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ደንበኛው ከራሱ ኪስ የሚሸከመው መጠን ነው።

ሰፋ አድርጌ ላየው የምፈልገው ግን ‹አቨሬጅ›ን ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቃል ስለሆነ። ማንኛውም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አማካይ ብሎ ይተረጉመዋል፤ በስልክ ላይ ያለው የትርጉም መተግበሪያም እንዲሁ። በእሳት መድን ውል ውስጥ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ንብረትህን ከእውነተኛ ዋጋው አሳንሰህ መድን ከገባህ፣ የጎደለውን ድርሻ አንተ ራስህ ትሸከማለህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የብርን የምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ በይፋ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የዘይት መጭመቂያ ማሽኑን በ2 ሚሊዮን ብር መድን ያስገባ አንድ የፍኖተ ሰላም ሰው እናስብ። ዛሬ ያንኑ ማሽን ለመተካት 4 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል እንበል። ውሉን ግን በየዓመቱ በዚያው በ2 ሚሊዮን ያድሳል። እሳት ተነሥቶ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ፣ «ጉዳቴ ከ2 ሚሊዮን በታች ነው፤ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ይላል። የሚከፈለው ግን 500 ሺህ ነው። ግማሹን ብቻ መድን አስገብቷልና ከጉዳቱም ግማሹን ብቻ ያገኛል። ይህ ሁሉ ውሉ ላይ ተጽፏል፣ በአንዲት አጭር አንቀጽ፣ ‹አቨሬጅ› በሚል ርእስ። ውሉን የሚያድሰው ሠራተኛ ቃሏን አማካይ ብሎ ካለፋት ማን ያስጠነቅቀዋል?

በተቃራኒው ደግሞ አማርኛው በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን እንግሊዝኛው የሚበታትንበት አለ። እኛ አደጋ እንላለን። የመኪናው ግጭትም አደጋ ነው፤ እሳቱም አደጋ ነው፤ ሳር ቤት አጠገብ ቤንዚን ማስቀመጥም አደጋ ነው፤ የደረሰው ጥፋትም አደጋ ነው። የመድን እንግሊዝኛ ግን ‹ሪስክ›፣ ‹ፔሪል›፣ ‹ሃዛርድ›፣ ‹ሎስ› ብሎ አራት ቦታ ይከፍለዋል፤ ሊደርስ የሚችለው ስጋት፣ ጉዳቱን የሚያመጣው ነገር፣ ነገሩ እንዲደርስ የሚያመቻቸው ሁኔታ፣ የደረሰው ጉዳት። እሳት ፔሪል ነው፤ በጣሪያው ሥር የተንጠለጠለው ያልተሸፈነ የኤሌክትሪክ ገመድ ሃዛርድ ነው። ይህን ያልለየ ሠራተኛ ንብረት ሊያይ ሄዶ የሚጽፈው ሪፖርት ዋና መሥሪያ ቤት ሲደርስ ትርጉም አይሰጥም።

የዘመናችን ሁኔታ ያከበደው ሌላ የቃላት ስብስብም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት ምክንያት ብዙ ተሽከርካሪና ብዙ ንብረት በመንገድ ላይም በከተማም ተጎድቷል። ደንበኛው በአማርኛ «በሁከቱ ነው የተቃጠለብኝ» ይላል። ውሉ ግን ሁከት የሚል አንድ ቃል የለውም። ‹ራዮት› አለ፣ ‹ሲቪል ኮሞሽን› አለ፣ ‹ሪቤሊየን› አለ፣ ‹ኢንሰሬክሽን› አለ፣ ‹ሲቪል ዋር› አለ፣ ‹ቴረሪዝም› አለ፣ ተራ ክፋት ያለበት ጥፋት የሚሉትም አለ። የጥቂት ሰዎች ረብሻ፣ የከተማ ሕዝብ ብጥብጥ፣ አመፅ፣ የእርስ በርስ ጦርነት እያለ በደረጃ ይለያያል። መደበኛው ውል አብዛኞቹን ከሽፋን ውጭ ያደርጋል፤ ከፊሎቹ ተጨማሪ ዐረቦን ተከፍሎ በፖለቲካዊ ሁከትና ሽብር ሽፋን ይገዛሉ። የደረሰው ነገር ከነዚህ ስሞች በየትኛው ይጠራል የሚለው አንድ ቤተሰብ ካሳ የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ነው። የቅርንጫፍ ሠራተኛው በችኮላ በመረጠው የእንግሊዝኛ ቃል ሰው ሊከስር ይችላል፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ከቃላቱ ቀጥሎ አገባቡ ይመጣል። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ ጉባኤያት የቅኔ ተማሪ ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው በአገባብ ላይ ነው። ‹እስመ›፣ ‹ከመ›፣ ‹እንበለ› የሚሉት ትንንሽ ቃላት አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያስሩ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚገዛ ያውቃል። ዐቢይ፣ ንኡስ፣ ደቂቅ ብሎ ይከፍላቸዋል። የመድን ውልም የሚታሰረውና የሚፈታው በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት ነው። ‹አንሌስ› (ካልሆነ በቀር)፣ ‹ፕሮቫይድድ ዛት› (እስከሆነ ድረስ)፣ ‹ሰብጀክት ቱ› (እንደተጠበቀ ሆኖ)፣ ‹ኖትዊዝስታንዲንግ› (ቢኖርም እንኳ)። እንግሊዝኛው የሚሰጠውን አስቀድሞ ይሰጣል፤ «ድርጅቱ ካሳ ይከፍላል» ብሎ ይጀምርና ከሦስት መስመር በኋላ ‹ፕሮቫይድድ ዛት› ብሎ ሁኔታውን ያመጣል። አማርኛ በተቃራኒው ሁኔታውን ያስቀድማል፤ «መንጃ ፈቃዱ የጸና ከሆነ፣ አሽከርካሪው ካልሰከረ፣ ድርጅቱ ይከፍላል»። ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። በችኮላ የሚያነብ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው የእንግሊዝኛውን አንቀጽ ከታች ወደ ላይ እንዲያነብ ነው፦ አስቀድሞ ሁኔታዎቹን ይፈልግ፣ በእርሳስ ያስምርባቸው፣ ከዚያ ወደ ተስፋው ይውጣ። የጎጃም ልጅ አያቱ ወይም አጎቱ ቅኔ የቆጠሩ ከሆነ ይህ የንባብ ዘዴ ለቤቱ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ መጻፉ እንምጣ። አንድ የጭነት መኪና በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከአንድ ሚኒባስ ጋር ይጋጫል። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ያነሣል፤ በአማርኛ። ሾፌሩ ቃሉን ይሰጣል፤ በአማርኛ። ቅርንጫፉ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚልከው ማጠቃለያ ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ገጨ፣ ተገጨ፣ ተጋጨ የሚሉ ሦስት በሮች አሉት። ‹ተጋጨ› ማንንም ሳይወቅስ ሁለቱንም እኩል ያቆማል። እንግሊዝኛ ላይ ‹ኮላይድድ ዊዝ› ተብሎ ሊጻፍ የሚገባውን ሠራተኛው ቃሉ ስላልመጣለት ‹ሂት›፣ ማለትም ገጨ፣ ብሎ ቢጽፈው፣ ፖሊስ ያላለውን ጥፋተኝነት እሱ በየነ ማለት ነው። ሾፌሩ «ሳላስተውል» ብሎ እንደሆነ «ሳላየው» ማለቱ ነው፤ ‹ኔግሊጀንትሊ› ተብሎ ከተተረጎመ ግን በቸልተኝነት ጥፋቱን አመነ ማለት ይሆናል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ፍሬኑ ቀድሞ ብልሽት ነበረበት ወይስ በድንገት ከሸፈ? እንግሊዝኛው ውስጥ ሁለቱ የተለያየ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለቱ የተለያየ ካሳ ናቸው። ሠራተኛው መርጦ ከመጻፉ በፊት ሾፌሩን መልሶ መጠየቅ አለበት። እንግሊዝኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በአማርኛ የተሻለ ጥያቄ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ቀንና ሰዓትን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ውሉ 01/07/2025 ይላል። የፈረንጅ ጁላይ 1 ነው፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 2017። ደንበኛው ግን ሰባተኛው ወር መጋቢት እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ሰዓቱ ይብሳል። የሽፋኑ ማብቂያ ‹12፡00 ሚድናይት› ከሆነ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ‹12 ሰዓት› የምትለዋን ብቻ ያነበበ ሾፌር ምሽት 12 ሰዓት ሊል ይችላል፤ ወይም ንጋት 12 ሰዓት ብሎ፣ ሽፋኑ ካለቀ በኋላ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተማምኖ ሊነዳ ይችላል። ይህን በእርሳስ አማርኛ ቀንና ሰዓት ከጎኑ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እንዴት ይማሩት? ለሚለው የምሰጠው መልስ ብዙ ወጪ የለውም። ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት የጀመሩ ወጣቶች መንገድ ላይ ቀርተዋል። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ከሁሉ የሚሻለው የመማሪያ መጽሐፍ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው ዓምድ ጎን ለጎን ታትሟል። የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004ን፣ ከዚያም የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799/2005ን ማንሣት ነው። የአማርኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍኖ እንግሊዝኛውን አንድ ንኡስ አንቀጽ ማንበብ፣ በራስ አማርኛ መጻፍ፣ ከዚያ ወረቀቱን አንሥቶ ማመሳከር። ሌላ ቀን ደግሞ በተቃራኒው። በትርጓሜ ክፍሎቹ ብቻ የሙያው ዋና ዋና ቃላት ይገኛሉ። ከዚህ በኋላ የንግድ ሕጉ የመድን ክፍል፣ ከዚያ የራስ ድርጅት የእሳት፣ የተሽከርካሪና የሰርሳሪ ውሎች። ከፍ ማለት የሚፈልግ የሎንዶኑን የመድን ባለሙያዎች ተቋም ፈተና ሊያስብ ይችላል፤ እሱም በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን የራሱን ቅርንጫፍ ውል ያላነበበ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?

ቢቻል ሦስት አራት ሆኖ መማር ይሻላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ አንዱ አንድ አንቀጽ ያነብባል፤ ሌላው ደንበኛ ሆኖ ይጠይቀዋል። ደንበኛ የሆነው እንግሊዝኛ ቃል እንዳይቀበል መከልከል አለበት። «ኢንደምኒቲ ነው» ቢለው «እሱ ምንድን ነው?» ይበለው። «ካሳ» ብሎ ቢመልስ ደግሞ አይልቀቀው፤ ካሳ በእኛ ዘንድ በዳይ ለተበዳይ የሚከፍለው፣ ሽማግሌ የሚቆርጠው፣ ከጉዳቱ በላይም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ይህ ግን በዳይ የሌለበት ክፍያ ነው፤ ከአደጋው በፊት ወደ ነበሩበት ይመልሳል እንጂ አያተርፍም። እዚህ ድረስ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ሰው ቃሉን አውቆታል።

ይህን ሁሉ በወጣቱ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሐዊ አይደለም። የሰፈር እድር እንኳ ደንቡን በጉባኤ ያነባል፤ አባሉ «ይህ አልገባኝም» ብሎ ተነሥቶ ይጠይቃል። ብዙ ሺህ ብር ዐረቦን የሚቀበል ድርጅት ከውሉ ጋር አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ማያያዝ አያቅተውም። የጠለፋ መድኑ ውል እንግሊዝኛ መሆኑ ይህን አይከለክልም፤ የሚጸናው እንግሊዝኛው እንደሆነ ተጽፎ ማብራሪያው ማብራሪያ ሆኖ ሊሰጥ ይችላል። በተለይ ሦስት ነገሮች በአማርኛ ሊቀመጡ ይገባል እላለሁ፦ ምን እንደማይሸፈን፣ ደንበኛው ምን ግዴታ እንዳለበት፣ አደጋ ሲደርስ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለበት። የባንክ ሥራ ለውጭ ባለሀብቶች የሚከፈትበት አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ጸድቋል፤ የፋይናንሱ በር በሰፋ ቁጥር የእንግሊዝኛው ወረቀት ይበዛል እንጂ አይቀንስም። አማርኛውን ከጎኑ ማቆም ያለብን ከአሁኑ ነው።

እትዬ በተከታዩ ዓመት ውሉን ለማደስ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ወጣቱ አሁን ተለውጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ነጋሪት ጋዜጣ አለ፣ የውሉ ቅጂ ጠርዝ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። «እትዬ፣ ይህኛው ለሰርሳሪ ነው። ሰብሮ የገባ እንደሆነ ይከፈላል፤ በቁልፍ የገባ እንደሆነ አይከፈልም። በቁልፍ ለሚገባው ሌላ ሽፋን አለ፤ ዋጋው ይጨምራል» አላቸው። እትዬ አሰብ አደረጉና፣ «ቀን እንደ ገዢ ገብቶ፣ ከጆንያው ኋላ ተደብቆ አምሽቶ፣ ሌሊት በሩን ከውስጥ ሰብሮ የወጣ እንደሆነስ?» አሉት። ወጣቱ ወዲያው አልመለሰም። ገጹን ገለጠ፣ ሐረጉን በጣቱ ተከትሎ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ስለ መግባት እንጂ ስለ መውጣት የተጻፈ ነገር የለም። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ለዋናው መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፤ በውሉ ላይ ‹ኢንትሪ› ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ቃላት እንዲጨመሩ፣ ‹ኦር ኤግዚት› የሚሉ።